ወይዘሮ ካሰች በእድሩ ጸሎት ላይ የጨመሩት ቃል

ይህ ዐዋጅ ነው። በሚዛን ተፈሪ ከተማና በዙሪያዋ ያላችሁ፣ ቡና የምትለቅሙና ሌላው የለቀመውን የምትሸጡ፣ ማኅተም ያላችሁና ማኅተም የሚፈለግባችሁ፣ ከጌጫ ማር ጭናችሁ የምትወርዱ፣ ከማጂ ተነሥታችሁ መንገድ ላይ የምታድሩ፣ ኮታችሁን በቢሮ ወንበር ላይ አንጠልጥላችሁ ለሻይ የወጣችሁ ሁሉ ዕወቁ። በሥልጣናችን ልክ፣ ማለትም ያለ አንዳች ሥልጣን፣ ቆጮ ሻጯ ወይዘሮ ካሰች ከዛሬ ጀምሮ ከከተማዋ ታላላቅ ሰዎች ተርታ እንዲገቡ ወስነናል። ቀደም ብለው ተርታውን የያዙት ታላላቆች ይጠጋጉ። ከጠበባቸው ይውጡ። ሐውልት አይቆምም፤ ድንጋዩ ለመንገድ ይፈለጋል፣ መንገዱም አልተሠራም። ዐዋጁ በጋዜጣ አይወጣም፤ ጋዜጣ ሚዛን የሚደርሰው ሽንኩርት ተጠቅልሎበት ነው።

ዐዋጁ ይህን ያህል ነው። አሁን ስለ ሴትዮዋ።

ወይዘሮ ካሰች አጭር ነበሩ። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አዝለው ሲመጡ ከሩቅ ላየ ሰው ጥቅሉ በራሱ እግር የሚሄድ ይመስለው ነበር። ከእምድብር በኩል ከባላቸው ጋር ወደ ሚዛን የመጡት በደርግ ጊዜ ነው። ባልየው ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ መንግሥት በተለወጠ ማግስት ሞቱ። ልጅ አልወለዱም። እኅት ወንድም የሚሉትም በሕይወት አልቀረላቸውም። በገበያ ቀን ከመሐል ተቀምጠው ቆጮ ይቆርጣሉ፤ ቢላዋቸው ደንዘዝ ያለ ነበር፣ ምላሳቸው ግን አልነበረም። «እትዬ ካሰች፣ ይኼ ቆጮ ሸተተኝ» ያለ ደንበኛ፣ «አንተ ከመምጣትህ በፊት ደኅና ነበር» ተብሎ ይሸኛል።

በበራሪ ወረቀት ፊደል የቆጠርን ሰዎች ታሪክን የሚሠራው ሰፊው ሕዝብ ነው ብለን ስንት ሌሊት አባዝተናል። ሰፊው ሕዝብ በገበያ መሐል ቁጭ ብሎ ቆጮ ሲቆርጥ ግን አፍንጫችንን ይዘን ነበር የምናልፈው።

ሰፈራችን ሰማንያ ያህል ቤት የያዘ እድር አለው። ከጎንደር የመጣ፣ ከወሎ የመጣ፣ ጉራጌ፣ ስልጤ፣ ቤንች፣ ሸኮ፣ ካፋ፤ ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩ፣ ጴንጤው፣ እስላሙ፤ በአጥርና በውኃ መውረጃ ሲካሰስ ከርሞ አንድ ሰው ሲሞት በአንድ ድንኳን የሚቀመጥ ሕዝብ ነው። ወይዘሮ ካሰች የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ድስቱ፣ ብርጭቆው፣ አግዳሚው፣ ድንኳኑ በእርሳቸው እጅ ነው። በወርኃዊው ስብሰባ ዕለት የእድሩን ቤት የሚከፍቱትም እርሳቸው ናቸው። በእድራችን ልማድ ደግሞ በሩን የከፈተ ሰው ጸሎቱንም ይከፍታል። ልማዱን ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም፤ ሌላው ሁሉ አርፍዶ ስለሚመጣ ሳይሆን አይቀርም። እርሳቸው በክርስቲያኑ ወገን ይጸልያሉ፣ ቀጥሎ ባለሱቁ ሰይፈዲን ዱዓ ያደርጋል፣ ቀጥሎ ስብሰባው ይጀመራል፣ ቀጥሎ ጭቅጭቁ።

ነገሩ የተነሣው በ1993 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። ክሊኒክ ውስጥ የሚሠሩ ሲስተር ጽጌሬዳ የሚባሉ ካቶሊካዊት መነኩሲት ነበሩ፤ ሚዛን ከመመደባቸው በፊት ቤተ ልሔም ዓመታት አገልግለዋል። ከቤተ ልሔም አጠገብ ካለችው ከቤት ጃላ፣ ሚርያም የምትባል አንዲት ፍልስጤማዊት መበለት ደብዳቤ ጻፈችላቸው። ሲስተር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደብዳቤውን ወደ አማርኛ እየመለሱ ለምእመናኑ አነበቡት። በሠፈራቸው ተኩስ ተከፍቷል፤ ጥይት በግድግዳ፣ መድፍ በጣሪያ ይገባል። ከአያት የወረሱት መሬት ተወስዷል፤ የወይራ ዛፋቸው ተቆርጧል። የክርስቲያን ሴቶቹ ዓርብ ዓርብ በመበለቲቱ ቤት ተሰብስበው ስለ ሰላምና ስለ ፍትሕ ይጸልያሉ። «ከእኛ ጋር ጸልዩ፤ እኛም ለእናንተ እንጸልያለን» ይላል መጨረሻው።

ሰው ሲበተን ወይዘሮ ካሰች ቀሩ።

«ብር አልጠየቁም?» አሉ።

«አልጠየቁም፣ እማማ ካሰች።»

«ልብስስ?»

«ምንም አልጠየቁም። ጸሎት ብቻ ነው።»

«እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሰምቼ አላውቅም። እስቲ እንደገና ያንብቡልኝ።»

ሲስተር እንደገና አነበቡ። ወይራው ጋ ሲደርሱ ወይዘሮ ካሰች አስቆሟቸው።

«ቆይ፣ ወይራ ተቆረጠ ብለው ነው የሚያለቅሱት?»

እዚህ ላይ አትሳቁባቸው። በእኛ አገር ወይራ ማለት የወተት ዕቃ የሚታጠንበት፣ ጥርስ የሚፋቅበት፣ ለዱላ የሚቆረጥ እንጨት ነው። ማንም ለወይራ ለቅሶ ተቀምጦ አያውቅም። ከቅዳሴው የወጡት ሌሎቹም እንደዚሁ ገርሟቸው ነበር፤ ልዩነቱ እርሳቸው ጠየቁ፣ ሌላው እንደገባው ሆኖ ራሱን እየነቀነቀ ወደ ቤቱ ሄደ።

«የእነሱ ሌላ ነው» አሉ ሲስተር። «ፍሬውን ለቅመው ዘይት ይጨምቁታል። አያት ይተክለዋል፣ የልጅ ልጅ ይለቅመዋል። ሲደርስ ቤተሰቡ ሁሉ ሌላ ሥራውን ትቶ ለለቀማ ይወጣል። የዓመት ኑሯቸው እሱ ነው።»

ወይዘሮ ካሰች ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

«እንደ ቡና በሉኛ፣ ሲስተር» አሉ። «የማገዶ እንጨት መስሎኝ ሰዎቹን በልቤ ታዘብኳቸው እኮ። በሉ ይጻፉላት። በየወሩ ሳናቋርጥ እንጸልያለን ይበሏት። ሰማንያ ቤት ነን ይበሏት።»

«ካቶሊኮቹ እኮ ሰማንያ አንሞላም።»

«እድሩን ነው ያልኩት።»

ስለዚህ ሰማንያው ቤት ባልሰማው ነገር ቃል ተገባበት። በሕዝብ ስም መናገር የተለመደ ነው፤ ስንቱ መሪ ሕዝቡን ሳይጠይቅ ተናግሮለታል። ልዩነቱ ወይዘሮ ካሰች ቃላቸውን መጠበቃቸው ነው።

ከዚያ ወር ጀምሮ በሩን በከፈቱ ቁጥር እንዲህ ይላሉ፤ «ጌታ ሆይ፣ የሞቱብንን አሳርፍ፣ የታመሙትን ማር፣ ለቤት ጃላና ለቤተ ልሔም ሰዎች ሰላምና ፍትሕ ስጥ፣ የተኳሹንም እናት ዕንባ አብስ፣ እድራችንን ጠብቅ።» ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ እንዲህ አሉ። ማንም አልሰማቸውም። ጸሎት ማለት በእድራችን ሰው ወንበር የሚፈልግበት፣ ዣንጥላ የሚያራግፍበት፣ ስለ ቡና ዋጋ የሚንሾካሾክበት ሰዓት ነው። አንድ ጆሮ ብቻ ነበር የሰማው፤ ዱዓውን የሚጠብቀው ሰይፈዲን።

«እትዬ ካሰች፣ ለወንድሞቻችን ስለሚጸልዩ አላህ ይስጥልኝ» አላቸው አንድ ቀን በሱቁ ደጃፍ።

«ለእናንተ ወንድሞች ብቻ አይደለም። ሚርያም ክርስቲያን ናት። ጎረቤቷ እስላም ናት አሉ። መድፉ ደግሞ ስም ጠይቆ አይገባም።»

«የተኳሹን እናት ምን አመጣት ታዲያ?»

«እሷስ ልጇ ሌሊት ምን ሠርቶ እንዳደረ አታውቅም። አሁን ስኳሩን መዝንልኝ፣ አውራ ጣትህን ከሚዛኑ አንሣ።»

«አሚን» አለ ሰይፈዲን፤ አውራ ጣቱንም አነሣ።

ከዚያ 1994 መጣ። በመጋቢት ቴፒ ላይ ሁካታ ተነሥቶ፣ ፖሊስም ተኩሶ፣ ሰው ሞተ። ስንት እንደሞተ ሁሉም በልቡ አንድ ቁጥር ነበረው፤ በአፉ ግን ማንም ምንም አልነበረውም። በሚዛን ቡና ቤቶች ስለ ዝናብ ብቻ ይወራ ጀመር፤ በሕይወቴ ስለ ዝናብ ያን ያህል ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ፍትሕ የሚባለው ቃል ከቢሮ በር በላይ ከተሰቀለ ሰሌዳ በቀር የትም አይገኝም፤ እዚያም ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ ማንም አይነካውም። በሚያዝያ ደግሞ ሬዲዮው ቤተ ልሔም በእስራኤል ወታደር መከበቧን፣ ጌታ በተወለደበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መነኮሳትም፣ መሣሪያ የያዙም ያልያዙም ሰዎች ተዘግቶባቸው መሰንበታቸውን አወራ።

የሚያዝያው ስብሰባ ዕለት የእድሩ ቤት ጢም አለ። ሰው ቤቱ መቀመጥ ፈርቶ ነበር። ስለ ችግኝ ተከላ ሊናገር የመጣ አንድ የቢሮ ሰውም ፊት ለፊት ተቀምጧል። ወይዘሮ ካሰች እንደ ወትሯቸው ጀመሩ፤ ግን ያን ዕለት የሚንሾካሾክ አልነበረም፤ ዣንጥላ የሚያራግፍም አልነበረም። «ሰላምና ፍትሕ ስጥ» ሲሉ ቃሉ ቤቱን ዞሮ የቢሮው ሰው ጭን ላይ ያረፈ ይመስል ሁሉም ወደዚያ ዞረ። የቢሮው ሰው ማስታወሻ ደብተሩን ከፈተ። ምን እንደጻፈ አይታወቅም፤ ምናልባት ስለ ችግኙ ይሆናል። የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ኃይለሚካኤል ግን ላብ አላባቸው።

አቶ ኃይለሚካኤል ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ሦስት መንግሥት አይተው ከሦስቱም ደመወዝ የበሉ፣ ለሦስቱም የአጨበጨቡ፣ እጃቸው ከመቁሰሉ በቀር ጉዳት ያልደረሰባቸው ሰው ናቸው። በዚያው ሳምንት ኮሚቴውን ሰብስበው ወይዘሮ ካሰችን አስጠሩ። ጸሐፊው ባስልኤልና አባሉ ፈንታው ነበሩ።

«ወይዘሮ ካሰች» አሉ ሊቀመንበሩ፣ «ጸሎትዎን አልተቃወምንም። ሰላም ይበሉ። ሰላም ጥሩ ነው።»

«ሰላምስ አልኩ፤ ጨምሬ ነው እንጂ።»

«ጭማሪው ነው ያስቸገረን።»

«ፍልስጥኤም እኮ የጎልያድ ወገን ነው» አለ ፈንታው፣ ሁልጊዜ የሚያውቀውን አንድ ነገር ለመናገር ቦታ የሚፈልግ ሰው ነው። «ዳዊትን ከሚደግም ሰው አፍ እንዲህ ያለ ጸሎት…»

«ጎልያድ ሲሞት ለቅሶ አልደረስኩም» አሉ ወይዘሮ ካሰች። «አንተም አልደረስክም። ይችኛዋ መበለት ናት፤ በእሑድ ትቆርባለች። ጦር ይዛ አልወጣችም።»

አቶ ኃይለሚካኤል እጃቸውን አነሡ። «ነገሩን አናስፋው። በዚህ ወር፣ በዚህ አገር፣ ያ ቃል ሲነሣ ሰው ቤተ ልሔምን አይደለም የሚያስበው።»

«ታዲያ ምንን ያስባል?»

ባስልኤል ወደ መስኮት አየ። ያንን ጥያቄ የመለሰ ሰው ያን ዓመት ሚዛን ላይ አልነበረም።

«የእድሩ ደንብ አለ» አሉ ሊቀመንበሩ። «ባስልኤል፣ አንቀጽ አሥራ አንድን አንብብላቸው።»

ባስልኤል አነበበ። በእድሩ ጉባኤ የሚጸለየውም የሚለቀሰውም ለአባልና በቅጹ ላይ ለተመዘገበ የአባል ቤተሰብ ብቻ ነው ይላል።

«እነሱ ደግሞ የማንም ቤተሰብ አይደሉም» አሉ ሊቀመንበሩ። «በመጪው ስብሰባ ያንን ቃል ትተው ይጸልያሉ። ካልሆነ ስምዎ ከእድሩ ይሰረዛል። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ለሰማንያ ቤት ብዬ ነው።»

ወይዘሮ ካሰች አልተቆጡም። «ባስልኤል ልጄ፣ ያንን አንቀጽ እስቲ ድገምልኝ» አሉ። ደገመላቸው። ሰምተው ወጡ።

አሁን ምን እንደተወራረደ ልንገራችሁ፤ የከተማ ሰው ስለሆናችሁ እድር ማለት ወርኃዊ መዋጮ ሊመስላችሁ ይችላል። ወይዘሮ ካሰች ያኔ ስድሳን አልፈዋል። እግራቸው ማበጥ ጀምሯል፤ ደረጃ ሲወጡ ልባቸው ይመታል። ልጅ የለም። ወንድም የለም። ከእድሩ ከወጡ፣ የሞቱ ዕለት ጥሩምባ አይነፋም፤ ድንኳን አይተከልም፤ ከሃያ ዓመት በላይ ለሰው ለቅሶ ሽንኩርት የከተፉ ሴት ሬሳቸውን የሚሸከም አራት ሰው ይታጣል። ያንን አሳምረው ያውቁት ነበር። በሰፈሩ ያለ ቀባሪ የሞተ ሰው ምን እንደሚባልም ያውቁ ነበር፤ ራሳቸውም ሲሉ ኖረዋል።

ሲስተር ጽጌሬዳ ሊያጽናኗቸው ሞከሩ።

«እማማ፣ ቢሰርዙዎትም ቤተ ክርስቲያን ትቀብርዎታለች።»

«መቅበሩንስ ትቀብረኛለች። ማን ያለቅስልኛል? እርስዎ መነኩሴ ነዎት፤ ማልቀስ አይችሉበትም።»

«እንግዲያ ቃሉን ይተውት። እግዚአብሔር የልብን ያውቃል። ቀስ ብለው በልብዎ ይበሉት።»

ይህን ለክብራቸው ብዬ አልዘልለውም፤ ወይዘሮ ካሰች ሊተውት ነበር። ሲስተር ራሳቸው ነግረውኛል፤ «በልቤ ልበለው ይሆን?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠይቀዋል። ከዚያ ግን ሌላ ነገር አሉ።

«ለሚርያም በልቤ ብለው ነው እንዴ የጻፉላት?»

«አይ፣ በየወሩ በጉባኤ ነው የጻፍኩት።»

«እሷስ በልቧ ነው የምትጸልይልን?»

«እሷም ከሴቶቹ ጋር ድምፅ አውጥታ ነው።»

«እንግዲያ እስክሪብቶ ያምጡ። ይኼ የእድር ቅጽ በየግንቦቱ ይታደሳል።»

ግንቦት 4 ቀን እሑድ ነው። የእድሩ ቤት ከሚያዝያው የባሰ ሞላ። ነገሩን ሁሉም ሰምቶታል፤ ሰው ሲሰረዝ ለማየት የሚቀር የለም። ከቴፒ በኩል በመጋቢቱ ሁካታ ወንድሟ የሞተባት፣ ዘመዶቿ ዘንድ ተጠግታ የምትኖር ወለላ የምትባል ቡና ለቃሚም ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። አማርኛ አፏን የፈታችበት ቋንቋ አይደለም፤ በእድሩ ስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም።

ወይዘሮ ካሰች በሩን ከፍተው፣ ለጸሎት ሳይቆሙ፣ የታጠፈ ወረቀት ለባስልኤል ሰጡት።

«ይኼ ምንድነው?» አሉ አቶ ኃይለሚካኤል።

«የቤተሰብ ቅጼ ነው። አሳድሼዋለሁ።»

ባስልኤል ዘረጋው። የወይዘሮ ካሰች ቅጽ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አባት፣ እናት፣ እኅት፣ ወንድም፣ ልጅ የሚሉት መስመሮች ሁሉ ባዶ የነበሩበት፣ ለመሙላት አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ወረቀት ነበር። አሁን በሲስተር እጅ ጽሕፈት ተሞልቷል።

«እኅት፣ ሚርያም፣ ቤት ጃላ» ብሎ አነበበ ባስልኤል። «እኅት፣ የሚርያም ጎረቤት፣ ቤት ጃላ። የእኅት ልጆች፣ አምስት፣ ቤት ጃላ። ምስክር፣ ሰይፈዲን። ፈርሟል።»

ቤቱ ሳቀ። አቶ ኃይለሚካኤል አልሳቁም።

«እኅትዎ ናት?»

«አዎ።»

«በእናት ነው በአባት?»

«በአባት ነው። አባታችን ሆይ ትሉ የለም?»

ሳቁ ቆመ።

«ነገ አንዷ ብትሞት ድንኳን ልንተክል ነው? ንፍሮ ልንቀቅል?» አሉ አቶ ኃይለሚካኤል።

«ድንኳንም ንፍሮም አልጠየቅኳችሁ። አንቀጹ የሚጸለየው ለተመዘገበ ቤተሰብ ነው ይላል። አስመዘገብኩ። ልጸልይ።»

«ሰዎቹ እኮ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተዋል» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ድምፃቸው ለመለማመጥ ዝቅ አለ። «ትናንት በሬዲዮ ተነግሯል። ነገሩ አልቋል።»

«ወጡ፣ እኔም ሰምቻለሁ። አንዳንዱ ወደ ሰው አገር ነው የሚላከው ተብሏል። በሩ ተከፈተ እንጂ ነገሩ መቼ አለቀ።»

አቶ ኃይለሚካኤል መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ደንቡ ደንብ ነው፤ ይጸልዩ። ያ አንድ ቃል ግን ይቅር። ሰምተውኛል?»

«ሰምቻለሁ።»

ወይዘሮ ካሰች ቆሙ። ሲቆሙም ከተቀመጡት ብዙ አይበልጡም። የሞቱትን አሳርፍ አሉ፤ የታመሙትን ማር አሉ። «ለእኅቴ ለሚርያም፣ ለቤት ጃላና ለቤተ ልሔም ሰዎች ሰላምን ስጣቸው» አሉ። እዚህ ላይ ቆም አሉ። ሊቀመንበሩ ትንፋሻቸውን መለስ አደረጉ።

«ፍትሕንም» አሉ ወይዘሮ ካሰች። «የተኳሹንም እናት ዕንባ አብስ፣ እድራችንን ጠብቅ።»

ተቀመጡ። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ።

«ባስልኤል፣ ቃለ ጉባኤውን ክፈት» አሉ አቶ ኃይለሚካኤል። «ጻፍ። አባል ካሰች ከዛሬ ጀምሮ ከእድሩ ተሰርዘዋል።»

የእስክሪብቶው ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ምክንያቱን ምን ልበል፣ ጋሼ?»

«ምን ምክንያት ያስፈልገዋል?»

«አንቀጽ አሥራ አራት፣ ምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ያልተገለጸ አባል እንዳልተሰረዘ ይቆጠራል ይላል። ያረቀቁት እርስዎ ነዎት።»

«የተከለከለ ቃል በመናገራቸው በል።»

ባስልኤል የእሳቸው የቀድሞ ተማሪ ነው። ረጋ ያለ፣ ፊቱ ላይ ምንም የማይነበብ ልጅ ነው። «የቱን ቃል?» አለ።

«ታውቀዋለህ።»

«እኔ አውቃለሁ። ቃለ ጉባኤው አያውቅም። ደግሞ ቅጂው ለቢሮ ይሄዳል፤ የቱ ቃል ነው የተከለከለው ብለው ይጠይቁናል። እርስዎ ይበሉኝ፣ እኔ ልጻፍ፣ ከሥሩ ይፈርሙበታል።»

አቶ ኃይለሚካኤል አፋቸውን ከፈቱ። ሦስት መንግሥት ያገለገለ አፍ ነው፤ ዘምሯል፣ ምሏል፣ አስምሏል። አሁን ግን ወጥመዱ ምን እንደሆነ ገባቸው። ቃሉን ካላሉት ወይዘሮ ካሰች አልተሰረዙም። ካሉት፣ ፍትሕ በዚህ አገር የተከለከለ ቃል ነው ብለው በገዛ ፊርማቸውና በእድሩ ማኅተም ሊያረጋግጡ ነው። በራሪ ወረቀት ስናባዛ ያረጀን ሰዎች እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በአርባ ገጽ አልወጣልንም። አንዲት ቆጮ ሻጭና አንድ የእድር ጸሐፊ በአንድ ባዶ ቦታ አወጡት።

ከኋላ አግዳሚ ወለላ ተነሣች።

«አሜን አልተባለም» አለች። አማርኛዋ እየተሰባበረ ነበር። «ማዘር ጸለየች፣ ጨረሰች። ማን አሜን አለ? አሜን የለም ስብሰባ የለም።»

ወንድሟ ምን ሆኖ እንደሞተ የማያውቅ በዚያ ቤት አልነበረም። እርሷ ግን ስለ ወንድሟ አንድ ቃል አላነሣችም። ቆማ ጠበቀች።

«አሚን» አለ ሰይፈዲን መጀመሪያ፤ ተራው እንዳልደረሰ እያወቀ። ከዚያ ከቀኝ በኩል አንዲት ሴት፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ያሉት ሽማግሌዎች፣ ከዚያ ፈንታው፣ አዎ ፈንታውም፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ጮክ ያለ አልነበረም። ሰው ለራሱ ሟች ብቻ በሚያወጣው ድምፅ ዓይነት ነበር። ወለላ እስኪያልቅ ሰምታ ተቀመጠች።

አቶ ኃይለሚካኤል መነጽራቸውን አጠለቁ።

«ሁለተኛ አጀንዳ» አሉ። «ስለተሰበሩ ብርጭቆዎች።»

ወይዘሮ ካሰች ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖሩ። ስምንቱንም ዓመት በሩን ከፈቱ፤ ስምንቱንም ዓመት ቃሉን አሉ፤ ሰማንያው ቤትም፣ ቤት ጃላ በምሥራቅ ትሁን በምዕራብ ሳያውቅ፣ አሜን አለ። ሲስተር ስለ ቴፒ ለሚርያም ጽፈውላት ነበርና መልሷ ሲመጣ በእድሩ ቤት አነበቡት፤ ሴቶቹ በዓርቡ ጸሎታቸው ለሚዛንና ለቴፒ ሰዎች ሰላምና ፍትሕ ብለው፣ የሞቱትንም አስበው ሻማ አብርተዋል ይላል። እዚህ ማንም ደፍሮ ያላለውን፣ መድፍ የሚወርድባቸው ሴቶች እዚያ ድምፅ አውጥተው አሉልን። ወለላ ደብዳቤው ሁለት ጊዜ እንዲነበብ ጠየቀች። እኔ በዕድሜዬ ብዙ የዓለም አቀፍ ወዛደራዊ አጋርነት መግለጫ አርቅቄያለሁ፤ መልስ የመጣለት ግን አላየሁም።

በ2002 ሰኔ ሲሞቱ ጥሩምባ ተነፋ። ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ከሌላ ሰፈር እድር ተውሰን ደረብን። ሬሳቸውን ለመሸከም ሰው ተጋፋ፤ ያረጀውን ትከሻቸውን ሰጥተው ከፊት የተሰለፉት አቶ ኃይለሚካኤል ነበሩ፤ ይህን ስጽፍ ላሾፍባቸው ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። ወለላ ሙሾ አወጣች፤ በራሷ ቋንቋ ነበር፣ የገባው ከኋላዋ ተቀበለ፣ ያልገባውም ተቀበለ። ሲስተር ጽጌሬዳ ደግሞ ማልቀስ እንደሚችሉበት ያን ዕለት ታየ።

የዚያ የግንቦት ቃለ ጉባኤ መዝገብ ዛሬም በእድሩ ዕቃ ቤት አለ። ባስልኤል አላወጣውም፣ አልቀደደውም፣ አልሞላውም። «አባል ካሰች ከእድሩ ተሰርዘዋል፤ ምክንያቱም» ይልና ሦስት ጣት ያህል ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ከዚያ «የሚለውን ቃል በመናገራቸው» ይላል፤ ከዚያ የሊቀመንበሩ ፊርማ የሚያርፍበት መስመር፣ እሱም ባዶ። አንተ ይህን የምታነብ፣ ፍትሕን በልብህ የምትወድ፣ ቀስ ብለህ የምታስበው፣ በሰሌዳ ላይ ስታየው ራስህን የምትነቀንቅ ወዳጄ፣ ሚዛን ከመጣህ ባስልኤልን ጠይቀው፤ ሳይጠይቅህ ያወጣልሃል። እስክሪብቶ ይዘህ ና። ሰው እያየህ፣ በሙሉ ስምህ፣ እጅህ ካልተንቀጠቀጠ፣ እባክህ እዚያች ባዶ ቦታ ላይ ቃሉን ጻፍ፦ «…………»